ምራቅ የማይተፋበት ቤት

«ግን ክኒኑን በእውነት ትወስጂዋለሽ?» ብሎ ሚስቴን የጠየቀ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው። መጀመሪያ ፋርማሲስቱ ጠየቀ፣ ከዚያ ሐኪሟ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል የገዛ እናቴ። ሁሉንም በየተራ ተጣላኋቸው፤ የተጸጸትኩበትም የለም።

ሚስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሥራው የቤተሰቤ ነው። አባቴ አቋቋመው፣ እሱ ሲሞት እናቴ ይዛ አቆየችው፣ እኔ ደግሞ ሕግ ተምሬ ጠበቃ ሆንኩና ጥዬው ወጣሁ። ሚስቴ ግን በጋብቻ ገብታ ሁላችንንም በለጠችን። በእግር የሚመታው መሽከርከሪያ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ድቡልቡል ጭቃ ማሰሮ ስታወጣ ያየ ሰው፣ ማሰሮው ድሮም እዚያ ውስጥ ተደብቆ የነበረና እሷ «በል ውጣ» ያለችው ይመስለዋል።

ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ያውም የቀኙ፣ መሽከርከሪያውን የሚመታው። ቀዶ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «መቀየር አለበት፤ ከተቀየረ በኋላ እንደ ልብዎ ይረግጡበታል» አላት። እሰየው አልን። ሰውዬው ግን አልጨረሰም። «ደምዎ ዝቅተኛ ነው። ሄሞግሎቢንዎ አሥራ ሁለት ይግባልኝና በማግስቱ ወረፋ አስይዝልዎታለሁ፤ ከዚያ በታች ግን ቢላ አላነሣም።»

ያነሳት አይረን ነው ተባለ፤ የአይረን ክኒን ታዘዘላት። ቀላል ነገር መሰለን። ክኒኑን ትውጣለች፣ ደሟ ይሞላል፣ ጉልበቷ ይቀየራል፣ ወደ መሽከርከሪያዋ ትመለሳለች።

ክኒኑን ዋጠች። ደሟ ንቅንቅ አላለም።

እስከዚያ ሥራ እንዳትፈታ እናቴ ወደ ማቡኪያው ጠረጴዛ አዛወረቻት። እዚያ ቆሞ፣ ሲደክምም ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተደግፎ፣ ጭቃ ማቡካትና ማዘጋጀት ይቻላል። መሽከርከሪያዋ ላይ አሮጌ አንሶላ ተጣለበት። ሚስቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ከተጣላችው ጎረቤት ጋር የተገጣጠመች ይመስል ፊቷን ታዞራለች።

«በሞተር የሚሠራ እንግዛልሽ፣ ወንፊቴ» አለቻት እናቴ አንድ ቀን። ወንፊቴ ሚስቴን የምትጠራበት የቁልምጫ ስም ነው።

«በሞተር? ልብስ ሰፊ አደረጉኝ እንዴ፣ እማዬ?»

ተሳሳቁ። ማታ ግን ሚስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየቻቸው «እየረሱ ነው» አለችኝ። «እግር ሲቀመጥ እጅም ይረሳል። ሌላ ዓመት እንዲህ ካለፈ ቢቀየርልኝም ምን ያደርግልኛል?»

ሚስቴ አታለቅስም። እንዲህ ካለች ግን ከለቅሶ ይብሳል። በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲ ገባሁ፤ የክኒኑን እሽግ ባንኮኒው ላይ ጣልኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአይረን ክኒን ነው፣ ጋሼ።»

«አይደለም። ይሄ ቀለም የተቀባ ኖራ ነው። ከየት አመጣኸው?»

«ሁሉም ከሚያመጣበት ነው ያመጣሁት።»

«ሁሉም ሲያመጣ አይቻለሁ፤ ሁሉም ሲድን ግን አላየሁም!»

ፋርማሲስቱ ሳቀ። ስቆጣ የሚስቅብኝ ሰው ደግሞ ያቃጥለኛል። «እሺ ጋሼ፣ አይቆጡ። እትዬ በምን ነው የሚወስዱት? በሻይ ነው? በቡና?»

«በውኃ።»

«ወተት ይጠጣሉ በላዩ?»

«ወተት አትወድም።»

«ለቃር የሚሆን መድኃኒት ይወስዳሉ? እሱም አይረኑን እንዳይገባ ያደርገዋል።»

«ቃር የሚይዘኝ እኔን ነው፤ ያውም አንተን ባየሁ ቁጥር።»

«እንግዲያው...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «በእውነት ይወስዱታል?»

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ምን እንዳልኩት አልጽፈውም። ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ወጥተው በር ላይ መቆማቸውን ብቻ ልናገር።

ልቆጣ ይገባል፣ አይገባም? መድኃኒት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው በሽተኛው ነው። ክኒኑ ንጹሕ፣ ላብራቶሪው ንጹሕ፣ ያዘዘው ሰው ንጹሕ፤ ጥፋተኛዋ አልጋው ላይ የተኛችው ናት። ዕድሜዬን በሙሉ ክስ ሳነብ ኖሬያለሁ። ማስረጃ ሳይሰማ ፍርድ የሚሰጥበት ችሎት ግን እንደ ሕክምና ቤት ያለ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ራሴ ምስክር ለመሆን ቆረጥኩ። ክኒኑን ስትውጥ ፊት ለፊቷ እቆማለሁ።

«ምላስሽን አንሺ።»

«እስረኛ ነኝ እንዴ፣ ሰውዬ?»

«ነገ ሲጠይቁኝ በዓይኔ አየሁ እንድል ነው።»

«ከፈለግህ ገብተህ ሆዴ ውስጥ እየው!» ብላ ትስቃለች፤ ምላሷን ግን ታነሣለች። እንዲህ ሆነን ደግሞ የሚቀጥለው ምርመራ ያንኑ ቁጥር ይዞ መጣ።

ሐኪሟ ቀጭን ወጣት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ሚዛን፣ መጋረጃ ያለው አልጋ፣ ሦስት ሰው ከገባበት የማይዘጋ በር። እኔ ሦስተኛው ስለሆንኩ በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷ አትቸኩልም። ይህንን እንደ በጎ ነገር ማየት የጀመርኩት ኋላ ነው፤ ያን ቀን ግን እርጋታዋ ራሱ ስድብ መስሎ ተሰማኝ።

«የወር አበባ?»

«ከቀረ ቆይቷል» አለች ሚስቴ።

«የጨጓራው ባክቴሪያ ምርመራ ንጹሕ ነው። ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፣ አንጀታቸው አይቀበልም፤ እሱንም አይተናል፣ የለብዎትም። የሚደማ ነገርም አላገኘንም።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ሳትዞር «ክኒኑን ግን...» አለች።

«እንዳትጨርሺው!» ብድግ አልኩ። «በዓይኔ ፊት ነው የምትውጠው። ክኒኑ ሰገራዋን እንደ ከሰል አጥቁሮታል! ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ታመጪያለሽ?»

ሚስቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «በሩ ክፍት ነው፣ አንተ ሰው» አለች በጣቶቿ መካከል።

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች፤ ልትስቅ ነው። «እሺ ጋሼ፣ አምኛለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እትዬ፣ ከምግብ ውጪ የሚበሉት ነገር አለ? ደም ሲያንስ በረዶ የሚያምረው ሰው አለ፣ ጠመኔ የሚበላ አለ፣ አፈርም የሚበላ አለ።»

«አፈር?» ሚስቴ ከት ብላ ሳቀች። «ምነው ዶክተር፣ የሚድህ ሕፃን መሰልኩሽ?»

እኔም ሳቅሁ። ሐኪሟም አብራን ሳቀችና «እንግዲያው ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጠውን መሞከር ነው» አለች። «እሱን የሚሰጡት ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። ከዚያ በፊት ምክንያቱን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። ምክንያቱ እዚያው ካለ፣ የሞላነውንም መልሶ ያጎድልብናል።»

«ምክንያት ከፈለግሽ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አታገኚውም» አልኳት። «ነይና እዪያት! ጠዋት ነይ፣ ማታ ሂጂ። ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትጠጣ ከራስሽ ዓይን በላይ ማን ይነግርሻል?»

ይህን ያልኩት ላናድዳት ነው። ሐኪም ቤቱን ለቅቆ የበሽተኛ ቤት የሚመጣ ሐኪም መኖሩን ማን ያውቃል? ልጅቷ ግን ትንሽ አሰበችና «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። ሥራ ቤታችን አንድ ረጅም ክፍል ነው። በአንዱ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አለ፤ ጎድጓዳ ሳህኖችና ማንቆርቆሪያዎች ተደርድረው ይደርቃሉ። በሌላው በኩል ጭቃ የተዘፈዘፈባቸው በርሜሎች አሉ። በስተመጨረሻ ምድጃው አለ። መስኮቶቹ ከመንገዱ ከፍ ስለሚሉ የሚያልፈው ሰው ባርኔጣው ብቻ ይታያል። እናቴ ለእንግዳዋ አንድ ባልዲ ገልብጣ ጨርቅ አነጠፈችበት።

«ተቀመጪ ልጄ። ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? ሐኪም የሚያክም ሐኪም የለም?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ እማማ። የመጣሁት ለእትዬ ነው።»

ሚስቴ ክኒኗን በውኃ ዋጠች፣ ልማድ ሆኖባት ምላሷን አነሣችልኝ፣ ሐኪሟ አየች። እኔ ደግሞ እጄን አጣምሬ የድል ፊቴን አሳየሁ። ከዚያ ሚስቴ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከበርሜሉ የወጣውን ጭቃ በቀጭን ሽቦ ከፈለችው፣ በመዳፏ ገፋችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና ገፋችው። ከመካከሉ የጣት ጫፍ የምታህል ቆንጥራ ወደ አፏ ወሰደች፤ በፊት ጥርሶቿ መካከል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አገጯ ቀስ ብሎ ሄደ መጣ።

«አሸዋ አለው» አለች። ዋጠችው፤ ጭቃውን ገፍታ ሌላ ቁራጭ ሳበች። ቆነጠረች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። «ይሄ ይሻላል።» ሦስተኛውን ሳበች።

ሐኪሟ ከባልዲው ላይ ተነሥታለች።

«እትዬ፣ አሁን ምን አደረጉ?»

«ቀመስኩት።»

«የቀመሱት የት ሄደ?»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ እናቴን አየሁ።

«የት ይሄዳል?» አለች እናቴ ከመደርደሪያው ሥር። «ሆዷ ነዋ!»

«ዋጡት ማለት ነው?»

«ታዲያ ልትተፋው ኖሯል?» እናቴ ደረቷን ያዘች። «በዚህ ቤት?»

ለሐኪሟ ማስረዳት የእኔ ዕጣ ሆነ። በአባቴ ሥራ ቤት ምራቅ አይተፋም። ምራቅ የነካው ጭቃ እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል ብሎ ያምን ነበር፤ የተፋ ሰው የዚያን ቀን ሥራ አይነካም። ጭቃውን ግን መቅመስ ግድ ነው። ጣት የማይሰማውን ደቃቅ አሸዋ ጥርስ ይሰማዋል፤ ያቺ ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ስንቱን ዕቃ ታበላሻለች። እጅህ በጭቃ ተለውሶ ለእያንዳንዷ ቅምሻ ደጅ አትወጣም። ስለዚህ ይዋጣል። እኔም ልጅ ሆኜ ውጬዋለሁ። እንደ ሚስቴ ያለ ጥርስ ግን ቤቱ አግኝቶ አያውቅም፤ ምንም አያመልጣትም፤ እናቴ ወንፊቴ የምትላት ለዚህ ነው።

«መሽከርከሪያው ላይ እያሉስ ይቀምሱ ነበር?»

«ያኔማ የሚያቦካው ሌላ ሰው ነበር» አለች ሚስቴ። «እኔ አልፎ አልፎ ነበር። አሁን ሥራዬ ይሄው ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ስቀምስ እውላለሁ።»

«እትዬ፣ አፈር ይበላሉ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«አልበላም!» ሚስቴ ከልቧ ተቀየመች። «ይሄ መብላት ነው እንዴ? ሥራ ነው።»

እዚህ ላይ መታገሥ አልቻልኩም። «ልክ ናት! የተጠየቀችው ስለ መብላት ነው፣ የመለሰችውም ስለ መብላት ነው። ደንበኛዬ ምንም...»

አንድ ጭብጥ ጭቃ መጥቶ ሸሚዜ ላይ ተለጠፈ። ከሚስቴ ነው። «ደንበኛህ ዝም በል ትልሃለች» አለች።

ሐኪሟ ሳቋን አፍና አስረዳችን። ደቃቅ ሸክላ አንጀት ውስጥ ሲገባ አይረኑን ይይዘዋል፤ ይይዝና ይዞት ይወጣል። ሚስቴ የምትውጠው ክኒን ደም ሳይሆን ጭቃ ላይ ያልቃል ማለት ነው። «ጭቃው ደቃቅና ጥሩ በሆነ መጠን ደግሞ አያያዙ ይብሳል» አለች።

«የኛ ጭቃ በጣም ጥሩ ነው» አለች እናቴ ኮራ ብላ።

«አይቻለሁ፣ እማማ። በምርመራው ላይ በደንብ ይታያል።»

«ሌላም አለ» አለች ሐኪሟ ወደ ሚስቴ ጠጋ ብላ። «አይረን ሲጎድል አፍ ራሱ አፈር ያምረዋል።»

ሚስቴ አጎነበሰች። ጣቷ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች «ይጣፍጠኛል» አለች በቀስታ። «ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። አሁን ግን ዝናብ የመታው መሬት ሲሸት ደስ ይልሽ የለ? እንደዚያ ነው። አንዳንዴ አሸዋ እንደሌለው እያወቅሁም እቀምሰዋለሁ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ጉልበቷ ስለታመመ ጠረጴዛው ጋ ቆመች፤ ጠረጴዛው ጋ ስለቆመች ጭቃ ዋጠች፤ ጭቃ ስለዋጠች ደሟ አልሞላ አለ፤ ደሟ ስላልሞላ ጉልበቷ አልተቀየረም። በሕግ ቢሆን እንዲህ ራሱን የሚበላ ሰነድ ቀድጄ እጥለው ነበር። ሐኪሟ ግን አልተጣደፈችም። «ፈርጄ አልጨረስኩም። መዋጡን ይተዉት፣ ክኒኑን ይቀጥሉ፣ ደሙ ራሱ ይመስክር» አለች። ከዚያን ደቂቃ ጀምሮ ይቺን ልጅ ወደድኳት።

የቀረው ሕጉ ነበር። ጭቃ መቀመስ አለበት፤ መትፋት ክልክል ነው፤ መዋጥ ደግሞ እንዲህ ያደርጋል። ወደ እናቴ ዞርኩ። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ለጦርነት ተነሣሁ።

«ስሚኝ፣ እማዬ። አባቴን አከብረዋለሁ። ግን የሞተ ሰው ሕግ በሕይወት ካለ ሰው ደም አይበልጥም! ምራቅ ማሰሮ እንደማይሰነጥቅ ማንም የተማረ...»

«ጨረስክ?»

«ገና ነኝ!»

«እንግዲያው በልብህ ጨርሰው።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ከጭቃው ቆነጠረች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ በቀሩት ጥርሶቿ በጥንቃቄ አላመጠችው። ከዚያ መስኮቱን ከፈተች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ጡፍ አለች።

ከታች አንድ ድምፅ «ኧረ ማነው በላይ ያለው!» ብሎ ጮኸ።

«ይቅርታ ልጄ! ሕክምና ነው!» አለችና መስኮቱን ዘጋች። ዞር ስትል ፊቷ የልጃገረድ ፊት ሆኗል። «ሕጉ የአባትህ ነበር እንጂ መቼ የኔ ሆነ? ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ መትፋት እንዳማረኝ ነው የኖርኩት። ደግሞስ ማንም ሳይተፋ የተሰነጠቀው ማሰሮ ስንት ነው? ኡፈይ! ሙዚቃ የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ።» ከንፈሯን ጠረገችና ጨመረች፤ «አሁንም አሸዋ አለው።»

ሚስቴ ሳቋ መጥቶ በርጩማው ላይ ተዘረረች። ሐኪሟ ግድግዳ ተደገፈች። እኔም ያልተጠናቀቀ ንግግሬን ትቼ መሳቅ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀማሿ እናቴ ሆነች፤ እየቀመሰች ባልዲ ውስጥ ትተፋለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ሲያሰኛት መስኮቱን ትከፍታለች። ለሚስቴ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን ሳላስበው ስገባ ጭቃ አፍንጫዋ ሥር ይዛ አገኘኋት።

«እጅ ወደ ላይ!»

«እያሸተትኩት ነው!»

«ማሽተት ወደ መቅመስ ያደርሳል። አስቀምጪው!»

«ባል ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዘበኛ ነው» አለችና አስቀመጠችው።

ሐኪሟ ስትደውል ችሎት ልገባ በር ላይ ነበርኩ። ቁጥሩ ተንቀሳቅሷል። በሚቀጥለው ምርመራ እንደገና ወጣ። አሥራ ሁለትን አልፎ የወጣ ዕለት ሚስቴ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ሮጣ፣ ማለቴ አንክሳ፣ መሽከርከሪያዋ ዘንድ ሄደች፤ አንሶላውንም ገፋ አደረገችው። እናቴ እልል አለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አልናገርም፤ ጠበቃ በሥራ ሰዓት አያለቅስም።

ፋርማሲስቱን ይቅርታ ጠይቀህ ይሆን የሚለኝ ሰው አለ። አልጠየቅሁም። ሄጄ ክኒኑ ደህና መሆኑን ነገርኩት፤ ጥያቄው ግን ክፉ መሆኑን ጨምሬ ነገርኩት። ሚስቴን እንደ ውሸታም ያዩ ሁሉ ስለ ሆዷ ጠየቁ፤ ስለ እጇ የጠየቀ አልነበረም። ሰውን የሚበላውን ብቻ አትጠይቁት፤ ምን ሲሠራ እንደሚውል ጠይቁት፤ ከተቻለም ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሰው የለመደውን ነገር ሊነግራችሁ አይችልም፤ ለእሱ ነገር አይደለማ። ፋርማሲስቱ ሰምቶኝ ሲጨርስ «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ። ሊያሳብደኝ ነው እንዴ? ልከራከረው ተዘጋጅቼ ሄጄ ይስማማኛል!

ጉልበቷ ተቀየረ። መጀመሪያ በሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ የሰው ክንድ ይዛ ሄደች። እግሯን ያለማምዳት የነበረው የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ መርገጥ ትችላለች ያለ ዕለት ሁላችንም ሥራ ቤት ተሰበሰብን፤ ባለሙያውንም ጎትቼ አመጣሁት። ሚስቴ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯን አነሣችና መታች። መሽከርከሪያው አቃሰተ፣ ዞረ። እንደገና መታች፤ ፈጠነ። ጭቃውን በእጆቿ አቀፈችው፣ ከፈተችው፣ የማሰሮው ግድግዳ መነሣት ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ጎን አዘመመና ጠቅላላው እንደ እርጥብ ኮፍያ ተጣጥፎ ወደቀ።

እናቴ «ረስቷል እጅሽ» አለች።

«አልረሳም፣ እማዬ። አኩርፎኝ ነው» አለች ሚስቴ። የወደቀውን ጠራርጋ ጣለችና እንደገና መታች። ሁለተኛው ትንሽ ቆመ፣ ወደቀ። ሦስተኛው ሲወጣ ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ለዘዘ። ጭቃው በጣቶቿ መካከል እየረዘመ፣ ሆዱ እየሰፋ፣ ከንፈሩ እየጠበበ መጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቷ ላይ የነበረውን ለመግለጽ የምችል ሰው አይደለሁም።

«ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል» አለ ባለሙያው።

«እንዴት ይበቃል?» ብዬ ዞርኩበት። «አሁን ገና መጀመሯ ነው! በምን ማስረጃ ነው...»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቴ፣ ዓይኗን ከማሰሮው ሳታነሣ፣ እግሯ እየመታ። «ልጁን ተወውና ጭቃ አቀብለኝ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ አቀበልኳት።